የኋላው ወንበር ቆዳ

በእጄ ያላለፈ ዕቃ የለም፤ ቡናውም፣ ማሩም፣ ሰሙም። እንደዚያች መኪና ያስጨነቀኝ ግን አልነበረም። የኔ አልነበረችማ፤ የአደራ ነበረች።

ባለቤቷ የጎሬ ጎረቤት የሆነችው የቡሬ ነጋዴ ነው። ከወረራው በፊት እስከ ጋምቤላ በመርከብ አስመጥቶ፣ ከዚያ ዳገቱን በስንት መከራ አስወጥቷታል። ጣሊያን ሲገባ በቡና ገለባ ሥር ደበቃትና ሚስቱን «ስመለስ እንደተውኳት ላግኛት» ብሎ ወደ ሱዳን ተሻገረ። ነጻነት ሲሆን ብዙ ሰው ተመለሰ፤ እሱ አልተመለሰም። ሞቷል ያለም የለም። ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ መቱ ያለው መጋዘኔ ቆርቆሮ ክዳን መሆኑን ሰምተው መኪናዋን በበሬ አስጎትተው አመጡልኝ።

«እንዳለች ጠብቅልኝ» አሉኝ።

«እንዳለች» አልኩ። የቃሉን ክብደት ያኔ አላወቅኩም።

ሰው መቼ ዝም ይላል? አንዱ ቀለም ቀባት ይለኛል፤ ሌላው ጣሪያዋን ቆርጠህ ቡና ጫንባት ይላል። ጎረቤቴማ በየጠዋቱ «ሙሽራዋ እንዴት አደረች?» እያለ ነበር የሚያልፈው። እኔ ብረቷን ዝገት እንዳይበላው በሰም እወለውላለሁ፣ ጎማዋ እርጥብ መሬት እንዳይነካ ግንድ ላይ አስቀምጫታለሁ። ያገራችን ዝናብ መቼ ይታመናል? ሌሊት ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሚስቴ «ሂድ፣ ብርድ ልብስ አልብሳት» ትለኝ ነበር። ሳቋን ችዬ እሄዳለሁ።

እትዬ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ይመጣሉ። ከኋላ በግራ በኩል ይቀመጣሉ፤ ድሮም ቦታቸው እዚያ ነበር። ጥቂት ቆይተው ይወርዱና «እግዜር ይስጥህ» ብለውኝ ይሄዳሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንድ ክረምት ያንን ወንበር አይጥ በላው። ሳየው ሆዱ ተዘርግፎ ቆዳው ወንፊት ሆኗል። ከሁሩሙ የታወቀ ኮርቻ ሰፊ አስመጥቼ አዲስ ቆዳ አለበስኩት። ሰፊው ሲጨርስ አሮጌውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወጣ። በሙያው ልማድ ተነቅሎ የወጣ ቆዳ የሰፊው ነው፤ ማንም አይጠይቅም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

መስከረም ሲያልቅ እትዬ መጡ። አዲስነቱ እንዳይታወቅ የቡና አተላ አሽቼበታለሁ። ገበያ ላይ አሮጌውን አዲስ ማስመሰል እችልበታለሁ፤ አዲሱን አሮጌ ማስመሰል ግን የማላውቀው ሙያ ሆነብኝ። ተቀመጡ። በእጃቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ይሄ የፍየል ነው» አሉ። «የኛ የበሬ ቆዳ ነበር።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አይጡንም፣ ሰፊውንም፣ አተላውንም ጭምር። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ ድምፃቸውን ሳያነሱ መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ባለቤቴ ሲመለስ አይጥ በላው ብዬ ብነግረው ያምነኛል። ሰው ለወጠው ካልኩት ግን፣ ሌላስ ምን ለወጣችሁ ይለኛል።»

በማግስቱ የሁሩሙ ገበያ ነበር። ሰፊውን አገኘሁት። አይጥ ያልበላውን ቆርጦ ለሦስት ኮርቻ መጣፊያ አድርጎ ሸጦታል።

«አሁን እኮ የበቅሎዎቹ ነው፣ ኦቦ» አለኝ መርፌውን እንኳ ሳያስቀምጥ። «ከነሱ ጋር ተነጋገር።»

ቀኑን ሙሉ በሰው በቅሎ መሀል አጎንብሼ ኮርቻ ስመረምር ዋልኩ። አንዱ ባለበቅሎ ሌባ መስዬው ዱላውን አነሳ፤ ነገሩን ሳስረዳው ደግሞ እብድ መሰልኩት። ሌባ መምሰሉ ሳይሻል አይቀርም ነበር። የመዳፍ ስፋት ላላት ቁራጭ ሙሉ ኮርቻ ገዛሁ፤ ለሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋ የተጣፈችበት በቅሎ ከጌታዋ ጋር ወደ ጎሬ ሄዳለች አሉኝ።

ከፍየሉ ቆዳ ሦስቱ ቁራጮች የነበሩበትን አስቆርጬ ያገኘሁትን በቦታው አሰፋሁት። ከእትዬ ጎን፣ ሦስተኛዋ ቁራጭ በነበረችበት፣ ቀዳዳው ቀረ። በዓመቱ ተመልሰው መጥተው ተቀመጡበትና አሸተቱ።

«የበቅሎ ላብ ይሸታል» አልኩ ቀድሜያቸው።

«ይሽተት» አሉ፤ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ።

ከዚያ በኋላ እሳቸው ተረጋጉ። እኔ ነኝ ያልተረጋጋሁት። ከቡሬ በኩል የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሚዛኑን ከነቡናው ትቼ መጋዘን እገባለሁ። ያቺን ቀዳዳ አያለሁ፤ የመኪናዋ ባለቤት ተመልሶ ሲጠይቀኝ የምመልሰውንም አጠናለሁ። በቅሎዋ ጎሬ ናት እለዋለሁ። ሌላ ምን እለዋለሁ?