የእህቴ ፋይል በጠረጴዛዬ ላይ

የሕክምና ኮድ የሚባለውን፣ በሽታንና ምርመራን ለኢንሹራንስ ክፍያ በቁጥር የመጻፍ ሙያ ያስተማረኝ ሰው የለም። አርሊንግተን ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ስሠራ፣ ያገለገለ መጽሐፍ ገዝቼ ጉልበቴ ላይ እየዘረጋሁ ለብቻዬ ተማርኩት። ለልጄ በመጀመሪያው ፈተና አለፍኩ እያልኩ አሳድጌያታለሁ፤ እውነቱ ግን ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው ነው ያለፍኩት። ውሸት ነውር ነው እያልን ልጅ የምናሳድግ አባቶች መጀመሪያ የራሳችንን ጓዳ ብናይ መልካም ነው።

ከዚያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ላብራቶሪ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ኢንሹራንሶች አንቀበልም ብለው የመለሷቸውን ፋይሎች መርምሮ፣ የተሳሳተውን ኮድ አርሞ፣ የጎደለውን ወረቀት አሟልቶ መልሶ መላክ ነበር። የዘር ምርመራ ፋይል እየበዛ ሲመጣ እኔ ለእሱ ተመደብኩ። ለአዳዲስ ሠራተኞች ሳስረዳ እንዲህ እል ነበር፦ የሰው ዘር እንደ መጽሐፍ ነው፤ አንደኛው ምርመራ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ግድፈት መፈለግ ነው። ሌላው ግን ግድፈቱ በየትኛው ገጽ፣ በየትኛው መስመር እንዳለ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ያንን አንድ ቦታ ብቻ ገልጦ ማየት ነው። ይህ አጭሩ ነው፤ የራሱም ኮድ አለው። ኢንሹራንሱ የሚቀበለው ግን ግድፈቱ መጀመሪያ የተገኘበት ዘመድ ውጤት አብሮ ከተያያዘ ነው። ያ ወረቀት ከሌለ ፋይሉ ተመልሶ እኔ ጋ ይመጣል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የከፈትኩት ፋይል የታላቅ እህቴ ሆኖ ተገኘ። ስሟን ሳይ ሞክሼ ትሆናለች ብዬ ነበር። የትውልድ ቀኑን ሳየው ግን ጥርጣሬ አልቀረኝም። የዲቪ ፎርም ሲሞላላት ዓመቱ ተዛብቶ በወረቀት ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ ዕድሜ ልኳን «ታናሽህ ነኝ፣ ተሸከመኝ» እያለች ስለቀለደችብኝ ቀኑን በቃሌ አውቀዋለሁ። ወዲያው ሱፐርቫይዘሬን ጠርቼ ዘመዴ ናት አልኳት። ደንቡ እንደዚያ ነው። እሷም ፋይሉን ለሌላ ሰው አስተላለፈችው። ነገር ግን ማየት የሌለብኝን አይቼ ነበር። የጡት ካንሰር፣ ሙሉ የዘር ምርመራ፣ ከታች ደግሞ የተገኘው ግድፈት በፊደልና በቁጥር። ኮድ በቃሉ ይዞ የሚያድር ሰው ነኝና ያቺ መስመር ሳልፈልጋት ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀመጠች።

እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ እሄዳለሁ። ለወራት ከስታ፣ ሻሿን ከራሷ አላወርድ ብላ ስጠይቃት «ጨጓራዬ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም አምኛት ነበር።

ያስጨነቀኝ የእሷ ብቻ አልነበረም። ግድፈቱ ከወላጆቻችን የመጣ ከሆነ እኔም ጋ ሊኖር ይችላል። እኔ ጋ ካለ ደግሞ ለልጄ አስተላልፌላት ሊሆን ይችላል። ልጄ ያኔ ኮሌጅ ፓርክ ካለው ዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ለመጨረስ ጥቂት ወራት የቀሯት፣ ሽማግሌ ተልኮላት ቀለበት ያሰረች ልጅ ነበረች። ቀድማ ካወቀች ሐኪም ይከታተላታል፤ ካላወቀች እንደ አክስቷ ሳታስበው ይደርስባታል። ይህን የማውቀው አባቷ ደግሞ መናገር አልችልም። በሥራ ያየሁትን የሰው ምስጢር ወደ ቤት ማምጣት ሕጉም አይፈቅድ፣ ኅሊናም አይፈቅድ።

አንድ ቀን ሊያመልጠኝ ነበር። ልጄ መኪና እየነዳች ሳለ፣ ሐኪምሽን ስለ ዘር ምርመራ ብትጠይቂው ምን ይመስልሻል አልኳት። ለምን ስትለኝ ለጠቅላላ እውቀት ነው አልኩ። ለጠቅላላ እውቀት ደም አልሰጥም ብላ በእንግሊዝኛዋ መልሳ ሳቀችብኝ። ዝም ያልኩት ጥሩ ሰው ስለሆንኩ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ብናገርም የእህቴ ወረቀት ከሌለ አጭሩ ምርመራ ተመላሽ እንደሚሆን ስለማውቅ ጭምር ነው።

የቀረኝ መንገድ እህቴ ራሷ እንድትነግረኝ ማድረግ ነበር። እኔ ደግሞ ነገር ማዞር አላውቅበትም። በመጀመሪያው እሑድ፣ በሽታ ተደባብቀው ኋላ ስለተጸጸቱ ወንድማማቾች አንድ ታሪክ ፈጥሬ አወራኋት። ሰምታ ስታበቃ ምሳህ ቀዘቀዘ አለችኝ። በሁለተኛው ስለ ግልጽነት ረጅም ምክር ሰጠኋት፤ ደብሩ ሰባኪ እየፈለገ እንደሆነ ነገረችኝ። በሦስተኛው ስለ ዘር ምርመራ የሚያስረዳ ወረቀት ሶፋዋ ላይ የረሳሁ አስመስዬ ትቼ ወጣሁ። በማግስቱ ደውላ፣ ልጣለው ወይስ ትመጣበታለህ አለች።

በአራተኛው እሑድ ገና ከመቀመጤ፣ «ዛሬስ የማን ቤተሰብ ታመመ?» አለችኝ።

የኮቴን ቁልፎች መፍታት ጀመርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወረቀቴ እናንተ ጋ እንደሚሄድ የማላውቅ መስሎህ ነው? የመሥሪያ ቤትህ ስም እኮ ውጤቱ በመጣበት ደብዳቤ ላይ አለ። ወንድሜ አይቶ ይመጣል፣ ያቅፈኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አንተ ስብከት ይዘህልኝ ትመጣለህ።»

«እትዬ፣ በሥራ ያየሁትን መናገር ክልክል ነው።»

«ለእኔም? የራሴን በሽታ?»

ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ ላስረዳት ስጀምር ጠረጴዛውን ተደግፋ መሳቅ ጀመረች። እኔም ሳላስበው አብሬያት ሳቅሁ። ሳቃችን ሲበርድ ተነሥቼ አቀፍኳት፤ ከወር በፊት ማድረግ የነበረብኝን። ያን ቀን ሻሿን አወለቀች። ፀጉሯ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስልሶ ብቅ ብሏል።

የደበቀችው ለልጄ ስትል ነበር። የእጮኛዋ ወላጆች እዚሁ አቅራቢያ ውድብሪጅ ይኖራሉ፤ በዘራቸው በሽታ አለ የሚል ወሬ ከደረሳቸው ቀለበቱ ይመለሳል ብላ ፈርታ፣ ከሠርጉ በኋላ ልትነግረን አስባ ነበር። ለሌላ ሰው ቢሆን በሽታን መደበቅ ፍቅር አይደለም ብዬ እገሥጽ ነበር። እሷን ግን እጇን ብቻ ያዝኳት። ከመሳቢያዋ ሐኪሟ ለዘመዶቿ እንድትሰጥ የጻፈላትን ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችኝ። ደብዳቤው ወንድሞችና እህቶች ቀድመው ይመርመሩ ይላል፤ እኔ ጋ ከሌለ ልጄ መመርመር አያስፈልጋትም። ይህን የሚል ስንት የወንድ ፋይል በእጄ አልፏል። ራሴ ላይ ሲደርስ ግን የሴቶች ጉዳይ አድርጌ፣ ሥጋቴን ሁሉ በልጅቱ ላይ ጭኜ፣ ክንዴን ለመርፌ መስጠት እንዳለብኝ አንድ ቀንም አላሰብኩም።

እህቴ እዚያው ደውላ ለልጄ ነገረቻት። ልጄ ሁለት ነገር ጠየቀች፤ ለእጮኛዬ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ አለች። በሳምንቱ ልጁ ራሱ መኪናውን ይዞ እህቴን ለቀጠሮዋ ሊወስዳት መጣ። እናቱም ምሳ ቋጥረው ልከዋል።

እኔን ደም ለመስጠት የወሰደችኝ ልጄ ናት። ለጠቅላላ እውቀት ነው እያለች መንገዱን ሙሉ ስትስቅብኝ ሄደች። ፋይሌ የእህቴ ወረቀት ተያይዞበት፣ በአጭሩ ኮድ፣ ወደ ኢንሹራንሱ ከመላኩ በፊት ወደ ክፍላችን መጣ። እኔ መክፈት ስለማልችል አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ያዘችው፤ ባለፍኩ ቁጥር ስክሪኗን ታዞርብኛለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐኪሙ ደወለልኝ። የለም።

መጀመሪያ ለልጄ ነገርኳት። ከዚያ እሑድን ሳልጠብቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። መንገድ ላይ እሷ ያላትን እኔ እንደሌለኝ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አጥቼ፣ የተዘጋጀሁበት ምክር ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር። በሩን ከፍታ ፊቴን አየችኝ።

«የለብህም፣ አይደል?»

«የለብኝም።»

«እሰይ፣ ልጄ ተረፈችልኝ» ብላ በሁለት እጇ ጉንጬን ያዘችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ አየችኝ። «ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አልኳት።

ጉንፋን አልያዘኝም ነበር።