የጋሽ ይኸነው ባለ ሰባት ወንበር መኪና

ጋሽ ይኸነውን በቅጡ አውቃቸዋለሁ ብዬ መጻፍ አልደፍርም። እንጅባራ ውስጥ የእኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከእሳቸው የግቢ በር ፊት ለፊት ነው። ለዓመታት ጠዋትና ማታ ሰላምታ ተለዋውጠናል፤ ከሰላምታ ግን አላለፍንም። እኔ ከሰው ጋር መጫወት አይሆንልኝም፤ እሳቸውም ሰው ማስቸገር አይወዱም። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትንና የሰማሁትን ያህል ብቻ ነው። ከእኔ የበለጠ የሚያውቃቸው ሰው ቢጽፈው በወደድኩ። እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ግን እንጃ።

በሥራ ዘመናቸው ሾፌር ነበሩ። የአንድ መሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ይዘው የአዊን ገጠር ሲያዳርሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ አንዲት ያረጀች ኮሮላ ገዙ። በእሷ ከባለቤታቸው ከእትዬ ያለምወርቅ ጋር ገበያና ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እናያቸው ነበር። እትዬ ያለምወርቅ አምና ሰኔ ላይ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ይኸነው በዚያ ግቢ ብቻቸውን ናቸው። ኮሮላዋን ግን በየማለዳው ያስነሷታል። የትም አይሄዱም፤ ሞተሯ እስኪሞቅ ውስጧ ይቀመጡና አጥፍተው ይወርዳሉ። ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ የምሰማው ድምፅ ያ ነበር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ሱቄ ገቡ። እስክሪብቶ የፈለጉ መስሎኝ ተነሣሁ።

«ምንይችል፣ ነገ ዳንግላ አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

«ለምን ጉዳይ ጋሼ?»

«መኪና ልለውጥ ነው።»

«ኧረ እኔ ስለ መኪና ምንም አላውቅም።»

«ስለ መኪናው እኔ አውቃለሁ። አንተ አጠገቤ ቁምልኝ። ደላላ ብቻውን የቆመ ሽማግሌ ሲያይ ምላሱ ይረዝማል።»

የባለቤታቸው ሙት ዓመት ደርሶ ነበር። የተቀበሩት በተወለዱበት ገጠር፣ እንጅባራን በሌላ ስሟ ቆሰበር እንላታለንና፣ ከቆሰበር ወጣ ብሎ ባለ ደብር ነው። ወንዱ ልጃቸው አበረ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ከባሕር ዳር ይመጣል። ሴቷ ልጃቸው ፋና ልጇን ይዛ ከደብረ ማርቆስ ትመጣለች።

«እኔ ስጨመር ሰባት እንሆናለን» አሉኝ። «ኮሮላዋ አትበቃም። ሁሉንም ባንድ መኪና ነው የምወስዳቸው። ማንም መንገድ ላይ አይቀርም።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም፤ መደርደሪያው ላይ ነበር።

በማግሥቱ በኮሮላዋ ወጣን። ከእንጅባራ ትንሽ እንደራቅን ካፊያ ጀመረ። አንዲት እናት ዶሮ አቅፈው በመንገዱ ዳር ሲሄዱ አየን። ጋሽ ይኸነው ሳይጠየቁ ቆመው ጫኗቸው። እስከ ዳንግላ በአገውኛ ሲጨዋወቱ እኔ ግማሹን እየሰማሁ ግማሹን እየገመትኩ ተጓዝኩ። ጋሽ ይኸነው በዝናብ እግረኛ አልፈው እንደማይሄዱ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኛ ደግነት ነው እንል ነበር።

ደላላው ባንተአምላክ ከአስፋልቱ ዳር መኪኖቹን ደርድሮ ጠበቀን። ቀጭን፣ ፈጣን ሰው ነው። ገና ከመውረዳችን አንዲት የምታብረቀርቅ አነስተኛ መኪና ላይ እጁን ጣል አደረገ።

«ይቺን ይውሰዱ ጋሼ። የሐኪም መኪና ነበረች። ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት፤ ሌላ መንገድ አታውቅም።»

«እስካሁን ያሳዩኝ መኪና ሁሉ የሐኪም ነበር» አሉ ጋሽ ይኸነው። «ይሄ ሁሉ ሐኪም ካለ ሰዉ ለምን ይሞታል?»

በአጠገባችን ጋሪውን አቁሞ የሚያዳምጠን ባለ ጋሪ በሳቅ ፈነዳ። «አባቴ፣ ፈረሴን ልሽጥልዎ! ቤንዚን አይጠጣ፣ መንጃ ፈቃድ አይጠይቅ!»

«ሂድ ወዲያ!» አለው ባንተአምላክ። «መኪና ሲቆም መጠጣቱን ይተዋል፤ ያንተ ፈረስ ቆሞም ይበላል!»

ጋሽ ይኸነው ሁለቱንም ትተው ወደ መጨረሻው መኪና ሄዱ። ባለ ሦስት ረድፍ ነው። ቀለሙ ፈዝዟል፤ የአንደኛው በር እጀታ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የመጣ ነው፤ የኋላው ወንበር ልብስም ተቀዷል። ባንተአምላክ ሮጦ ደረሰባቸው።

«ቶዮታ ኖኅ ነች! ስሟን ይዩት። ኖኅ ቤተሰቡን አንድ ሳያስቀር ጭኖ ከዚያ ሁሉ ዝናብ አወጣ አይደል? ሰባት ቤት አገው ቢጫንባት ትንቀሳቀሳለች ብዬ አልዋሽም፤ ሰባት ሰው ግን ትችላለች።»

ባለ ጋሪው እንደገና ሳቀ። ጋሽ ይኸነው ፊታቸውን አዙረው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ። ዘይቱን አዩ፤ አስነሥተው አዳመጡ፤ ከሥር አጎንብሰው ተመለከቱ። ይህ ብዙ አልቆየም። የቆዩት ወንበሩ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ላይ እየተቀመጡ ተነሡ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

«እስቲ መጨረሻው ላይ ግባ።»

ጉልበቴን ደረቴ ላይ አጥፌ ተቀመጥኩ። በሮቹን ሁሉ ዘጉ። የሾፌሩ ቦታ ላይ ሆነው ሞተሩን አስነሡና ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል ጋሼ።»

ከዚያ ቀስ ብለው «ፋና» አሉ። ልመልስ ወይስ ዝም ልበል፣ ግራ ገባኝ።

«አሁንስ ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ይቺን ነው የምወስድ።»

ባንተአምላክ በመስኮት አንገቱን አስገባ። «ጋሼ፣ ኧረ ብቻዎን ነው የሚኖሩት አሉኝ! የመጀመሪያዋ ትሻልዎታለች። እኔ ደላላ ሆኜ እንኳ አዘንኩልዎ።»

«ሰባት ነን» አሉት።

ኮሮላዋን የገዛቻት ውቤ የምትባል የሕፃናት ልብስ ነጋዴ ነች፤ እንጅባራም ዳንግላም ገበያ ትውላለች። ጋሽ ይኸነው የመኪናዋን ችግር አንድ በአንድ ነገሯት። ብርድ አትወድም፣ ጠዋት ሳታሞቂ አትንጃት፤ የግራው መስኮት በእጅ ካልተደገፈ አይወጣም፤ ዳገት ላይ አትቆጫት። ባንተአምላክ ከኋላቸው ሆኖ ራሱን ያዘ።

«ጋሼ፣ እየሸጡ ነው ወይስ ልጅ እየዳሩ?»

ክፍያው ተጠናቆ፣ ውሉ ተፈርሞ፣ እኔም ለምስክርነት ፈርሜ ቁልፉን ሰጧት። ውቤ ቁልፉን ከቆዳ ማንጠልጠያው ፈትታ ማንጠልጠያውን መለሰችላቸው።

«ይያዙት አባቴ። እኛ ቤት ከብት ሲሸጥ ገመዱ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ገመዱ ከሄደ በረከቱም ይሄዳል።»

«መኪና ምን ገመድ አለው?» አሉ። ግን ተቀብለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ኮሮላዋ ከዓይናችን እስክትሰወር ቆመው አዩ። ቀኝ ወንበሩ ላይ ውቤ የልብስ ጥቅሏን አስቀምጣ ነበር። እትዬ ያለምወርቅ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ነው።

ስንመለስ መንገድ ዳር አቁመው ለፋና ደወሉ። ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ጮክ አድርገው ነው የሚያናግሩ፤ ሳልፈልግ ሰማሁ።

«ፋንዬ፣ መኪና ለወጥኩ። ለሙት ዓመቱ ሁላችሁንም እኔ ነኝ የምወስዳችሁ።»

«አይቸገሩ አባባ። እኔ ከቆሰበር በባጃጅ እሄዳለሁ።»

«ኧረ ሰፊ ነው ልጄ። ሰባት ወንበር ነው።»

«መኪናዎ ድሮም ሰፊ ነበር፣ አባባ» አለችና ደኅና ይዋሉ ብላ ዘጋችው።

ጋሽ ይኸነው ስልኩን ኪሳቸው ከተው መንዳት ጀመሩ።

ማታ ለባለቤቴ ለእንቁ ነገርኳት። እንቁና እትዬ ያለምወርቅ የአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጡ ነበር። እንቁ አልደነቃትም።

«አታውቅም እንዴ?» አለችኝ። «ፋና ልጅ ሳለች ታማባቸው፣ እትዬ ያለምወርቅ ከገጠር አዝለው በሐምሌ ዝናብ ወደ ቆሰበር ይመጣሉ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከኋላ ይደርስባቸዋል። የሚነዱት ጋሽ ይኸነው ናቸው። ልጅቱ ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና አባባ ብላ ትጣራለች። አልፈዋቸው ሄዱ። ጭቃው ፊቷ ላይ ተረጨ። በመንግሥት መኪና ዘመድ መጫን ክልክል ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ሕግ ከሆነ ሕግ ነው።»

«ማንም አልነበረም ከእሳቸው ጋር?»

«እሱን ማንም አያውቅም። እትዬ ያለምወርቅ አለቃቸው አብሮ ነበር ይሉ ነበር። ፋና ግን ሌላ ሰው አላየሁም ትላለች።»

የሙት ዓመቱ ቀን ደረሰ። አበረ በዋዜማው ደውሎ ልጆቹ ፈተና ላይ መሆናቸውን፣ እሱም ከሥራ ፈቃድ ማጣቱን ተናገረ። ጋሽ ይኸነው ለእኔና ለእንቁ «እንግዲህ እናንተ ትሞሉልኛላችሁ» አሉን። ጠዋት መኪናዋን አጥበው፣ የተቀደደውን ወንበር አዲስ ጨርቅ አልብሰው መጡና አብረን መናኸሪያ በር ላይ ጠበቅን። ፋና ከሚኒባስ ወረደች፤ ልጇን አላመጣችም። ረዥም ነች፤ ዓይኗ የአባቷ ነው። ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አነሷትና ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ የመሐሉን በር ከፈቱላት።

ፋና ከደብረ ማርቆስ ይዛው የመጣችውን ድፎ ዳቦ ከነቅርጫቱ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። እንዳይወድቅም በቀበቶው አሰረችው።

«እኔ ከኋላ እከተላለሁ» አለችና ባጃጅ ጠራች።

እንቁ ልትናገር ስትል ክንዷን ያዝኳት። ትክክል አድርጌ እንደሆነ አላውቅም።

ከአስፋልቱ ወጥተን ጥርጊያ መንገዱን እንደያዝን ዝናቡ መጣ። ጋሽ ይኸነው በመስታወት ባጃጁን እያዩ ቀስ ብለው ነዱ። ባጃጁ ሲዘገይ ይዘገያሉ፤ ሲደርስ ይሄዳሉ። የባጃጁ የጎን ሸራ በነፋስ ይርገበገባል። አንድ ዳገት ላይ ቆሙ። ያለ ጃንጥላ ወርደው ወደ ባጃጁ ሄዱ። በኋላው መስታወት አየኋቸው፤ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አላየሁም። ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። ኮታቸው ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

«ምን አለችዎ ጋሼ?» አለች እንቁ።

«ሂዱ፣ ካህናቱ ይጠብቃሉ አለችኝ።»

ፍትሐቱ ተፈጽሞ፣ ሰዉ ዳቦና ጠላ እየቀመሰ ሳለ ፋና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፤ ስትመለሺ ከአባትሽ ጋር ብትገቢ ምን አለ አልኳት። አልተቆጣችም።

«ጋሽ ምንይችል፣ ቂም መስሎዎት ነው?» አለችኝ። «እናቴ መኪናው ሰው ነበረበት ስትል ኖረች፤ አባቴን ለማዳን ይሁን እውነት ይሁን ሳላውቅ ሄደችብኝ። እኔ ያየሁት የሱን ፊት ብቻ ነው። አይቶኛል። ሰው ነበረበት ይበለኝ፤ አልነበረም ይበለኝ። የፈለገውን ይበል፣ ከሱ አፍ ልስማውና እገባለሁ። ስንት ጊዜ ጠየቅኩት መሰለዎት?»

የመጣችበት ባጃጅ ጠብቋት ነበር። አባቷን ተሰናብታ በዚያው ወደ አስፋልቱ ወረደች።

እኛ ስንመለስ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እንቁ ወደ ቤት ገባች። ጋሽ ይኸነው መኪናዋን ግቢያቸው አስገብተው በሮቿን ሁሉ ከፈቱና ወንበሮቹን በጨርቅ ይጠርጉ ጀመር። የተቀመጥንባቸውንም፣ ማንም ያልተቀመጠባቸውንም ነው የጠረጉት። ቅርጫቱ የነበረበት ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር፤ እሱን በእጃቸው ሰብስበው ለወፎቹ በተኑት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። በሕይወቴ ሰውን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄ አላውቅም።

«ጋሼ» አልኩ።

«አቤት።»

«ያን ቀን... በሐምሌው ዝናብ። መኪናው ውስጥ ከእርስዎ ጋር ሰው ነበር?»

ጨርቁ ወንበሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ባልዲው ውስጥ ነከሩት፤ ጨመቁት፤ ወደ መጨረሻው ረድፍ ገቡ።

«ምንይችል» አሉኝ ከዚያ ሆነው፣ «ይህን አትጠይቀኝ።»