የሬዲዮኑ ዳንቴል

ጦር ኃይሎች ሰፈር አንድ ሱቅ ገብተን፣ ሻጩ ሁለት ትንንሽ የዘፈን ማጫወቻዎች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልን። የልጅ ልጄ የሁለቱንም ማዳመጫ በየተራ ጆሮዋ ውስጥ ሰክታ አዳመጠች።

«እቴቴ፣ ይሄኛው ብዙ ዘፈን ይይዛል፣ ያኛው ደግሞ ባትሪው ይቆያል። የቱን ልውሰድ?»

ከካርቶኑ የወጣው የአዲስ ዕቃ ሽታ ኮልፌ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ።

አባቴ ሬዲዮ ሲገዛ እኔንና ወንድሜን ይዞን ሄደ። ነጋዴው ሁለት ሬዲዮ ከፍቶ አሰማን። ወንድሜ የሚያብረቀርቀውን መረጠ።

«እሱ ድምፁ ይሻክራል፣ ያኛው ይጠራል» አልኩ።

አባቴ «ጆሮስ ያንቺ ነው!» ብሎ እኔ የመረጥኩትን ገዛ።

ቤት ስንደርስ ግን አከፋፈቱን ለወንድሜ ብቻ አሳየው። እጄን ስዘረጋ መዳፌን መታኝ።

«ታበላሺዋለሽ። ይልቅ አቧራ እንዳይገባው ዳንቴል ሥሪለት።»

«እኔ አይደለሁ የመረጥኩት?»

«መረጥሽ፤ በቃ!»

ዳንቴሉን ሠራሁ። ወንድሜ በፈለገው ሰዓት ገልጦት ሬዲዮኑን ይከፍታል፣ እኔ ሲቆሽሽ አጥበዋለሁ። አባቴ አርጅቶ እስኪሞት ድረስ ያንን ሬዲዮ አንድ ቀን ከፍቼ አላውቅም።

«እማማ፣ እርስዎም ይሞክሩት እንጂ» አለኝ ሻጩ።

እጄን ዘረጋሁና መለስኩት።

«ንኪው እንጂ፣ አይበላሽም!» ብላ የልጅ ልጄ ሳቀች። አብሬያት አልሳቅኩም። አባቴን ዛሬም ይቅር አላልኩትም።