ከኡራኤል ማዶ

ጠዋት ኡራኤል ታክሲ እየጠበቅሁ ነው። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ቄስ ነጠላቸውን አውልቀው ወደ ማዶው ፎቅ ያውለበልባሉ። ታክሲዎቹ የተጠሩ እየመሰላቸው ይቆማሉ፤ እሳቸው አይገቡም፤ ወያላው ተነጫንጮ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሥራ ረፍዶብኛል፤ በቃ፣ ተናደድኩ።

«አባቴ፣ ማንን ነው የሚጠሩት?»

«ልጄን። እዚያ ፎቅ ላይ በጽዳት ትሠራለች።»

«ስልኳን ይስጡኝና ልደውልላት።»

«የተጻፈበትን ወረቀት ታንኳ ላይ ውሃ አበላሸብኝ። ዘበኛውም አላስገባ አለኝ።»

ደብራቸው ሐይቅ መሀል፣ ደሴት ላይ ነው አሉኝ። መሻገር የፈለገ ከዳር ሆኖ ነጠላ ያውለበልባል፤ ከደሴቱ ያየው ሰው በነጭ ጨርቅ ይመልስና ታንኳ ይዞ ይመጣል። ልጃቸው ከዚያ ከወጣች ወዲህ አልተያዩም።

«ይሄ እኮ አዲስ አበባ ነው! ማን በመስኮት ያያል?»

«ውሃ ዳር ያደገ ሰው» አሉ፣ እጃቸውን ሳያወርዱ፣ «ማዶ ሳያይ አይውልም።»

ክንዳቸው ሲዝል አሳዘኑኝ። ነጠላውን ተቀብዬ እኔው አውለበለብኩ። የመሥሪያ ቤቴ መኪና በፊቴ አለፈ፤ አለቃዬ በመስኮት አፍጥጦ አየኝ። አፍሬ እጄን ላወርድ ስል አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ።

አንዲት ሴት የቢሮውን ነጭ መጋረጃ ነቅላ፣ በሁለት እጇ ታውለበልባለች።