ጥርሴን እንዳታነሳ

ካሜራዬን ያገኘሁት ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ነው፤ በአንድ የሰልባጅ ካፖርት ለውጬ። ከድሬዳዋ ከመጣው ባቡር የወረደ ወጣት ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ ሊቀጥል ነበርና ብርዱን ፈርቷል። ሚኤሶ ዶሮ እንቁላሏን ቀቅላ የምትጥልበት አገር ነው። እዚያ ሙቀት ውስጥ ካፖርት የሚፈልግ ሰው ከሱ በፊት አላየሁም፣ ከሱ በኋላም አላየሁም። እኔም ብሆን ከጭሮ ካፖርት ተሸክሜ ቆላ መውረዴ የጤና አልነበረም። ሁለት ሞኞች ተገናኘን፣ ተለዋወጥን፣ ሁለታችንም አታለልኩት እያልን ተለያየን።

ካሜራው የሩሲያ ነው፤ ሙሉ ብረት። ሲጫኑት የሚያሰማው ድምፅ የመጋዘን በር ሲዘጋ የሚሰማው ነው። ክብደቱን ለመናገር ያህል፣ እስከ ዛሬ አንገቴን ደፋ አድርጌ የምሄደው በሱ ምክንያት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግን ትሑት ነው እየተባልኩ በምሳሌነት እጠቀሳለሁ።

ያን ጊዜ፣ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሥራዬ ሰልባጅ መሸጥ ነበር። የልብስ ቦንዳዬን ፈትቼ በየገበያው እዞራለሁ፤ ዛሬ መሰላ፣ ነገ በደሳ፣ ሲያምረኝ ሚኤሶ። ማደሪያዬ ጭሮ ናት፣ ገና አሰበ ተፈሪ የሚላትም ብዙ ነው። ሁለት ስም ያላት ከተማ ናት፤ መብራቷ ሲጠፋ ግን በሁለቱም ስሟ ብትጠራት አትሰማም። ካሜራው የመጣው ለንግድ አልነበረም። በሰው ልብስ ስኖር ኖሬ፣ የሰው ፊት አማረኝ መሰለኝ።

ዛሬ ልጆች ምግባቸውን ሳይቀር ሲያነሱ የሚያይ ሰው አይገባውም እንጂ፣ ያን ጊዜ ፎቶ ቁም ነገር ነበር። ሰው ለፎቶ ሲቆም ፍርድ ቤት ለምስክርነት እንደቀረበ ነው። እጁ ጎኑ ላይ፣ ዓይኑ የካሜራው መስተዋት ላይ፣ ከንፈሩ ግጥም። ጥርስ ማሳየት ነውር ነው፤ ቀልደኛ ወይም ሰካራም ያስመስላል። ይህን ሳላውቅ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ሃሌ ሉያ በሚሉበት ሰዓት አነሳኋቸው። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሁሉም አፋቸውን እስከ ጉሮሮ ከፍተዋል። ሽማግሌያችን አይተው አይተው፣ "ወንድሜ፣ እነዚህ ይዘምራሉ ወይስ ሊውጡን ነው?" አሉኝ። ዘማሪዎቹ ለወራት ሰላምታ ነፈጉኝ።

መሰላ ላይ ደግሞ አንድ ገበሬ ነበር፤ በሬውን በእጁ እያጎረሰ ያደለበ። በሬው ቤት ያክላል፤ ከኋላው ፀሐይ ስትገባ የመሰላ ሰው መሸ ብሎ ይገባል። ገበሬው አዲስ ሽርጡን ታጥቆ ከበሬው ጎን ቀጥ አለ። ሚስቱ አምራ ለብሳ ልትቆም ስትመጣ፣ "ቦታ የለም" አላት። እውነቱን ነው፤ በሬው ለብቻው አንድ ፊልም ይፈልግ ነበር። እሷም ባሏን ገፋ አድርጋ የበሬውን ቀንድ ይዛ ቆመች። ሦስቱም ኮስተር ብለው ተነሱ፤ በሬው ራሱ ጥርሱን አላሳየም።

አሁን ወደ በደሳ።

በደሳ ገበያ ከቦንዳዬ ጎን አንዲት በርበሬ የሚሸጡ እናት ነበሩ። "አዮ" እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። እኔ በሳቸው በርበሬ ሳነጥስ፣ እሳቸው በኔ ሱሪ ሲስቁ ተላምደን ነበር። ሲስቁ ታዲያ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። የፊት ጥርሶቻቸው ሄደዋል፤ የቀሩትም ለመሄድ ዕቃቸውን የጠቀለሉ ይመስላሉ።

አንድ የገበያ ቀን እንደ ወትሮው አልሳቁም። በርበሬያቸውን ሳይዘረጉ አጠገቤ ተቀመጡ።

"ኦቦ ፎቶ፣ ልጄ ልትሄድ ነው" አሉ። ገበያው ያወጣልኝ ስም ነው፤ አቶ ፎቶ እንደማለት። "ዓረብ አገር። ወላሂ እኔ አልፈቀድኩም፣ ተፈቅዶ ነው የጠበቀኝ።"

"በሰላም ሄዳ ትመለሳለች፣ አዮ። አይዞዎት።"

"እንሻአላህ። ግን ስማኝ። አባቷ ሲሞት ፎቶ አልነበረውም። ፊቱ እኔ ጋ ይቀራል ብዬ ነበር። አልቀረም። ድምፁ አለ፤ በር ላይ ሲደርስ የሚያስላት ሳል አለች። ፊቱ የለም። ፊቱን ስፈልግ የወንድሙ ፊት ይመጣል።" ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩና፣ "ወንድሙን ደግሞ አልወደውም" አሉ።

እኔ ለሁሉም ነገር ቀልድ ያለኝ ሰውዬ፣ ካሜራዬን ከአንገቴ አወረድኩ።

"ልጄም እንደዚያ እንዳትጠፋብኝ። ከሷ ጋር አንሳኝ። በከለር። በሚቀጥለው ገበያ ይዣት እመጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የለችም።"

"እሺ፣ አዮ።"

ተነሥተው ሁለት እርምጃ ሄዱና ተመለሱ። "አንድ ነገር ብቻ። ጥርሴን እንዳታነሳ።"

በተባለው ገበያ ልጅቷን ይዘው መጡ። ቀይ ቀሚስ ለብሳለች፤ ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ መሬት መሬት የምታይ ልጅ። ከቦንዳው አበባ ያለበት መጋረጃ መርጬ በሁለት እንጨት መሐል ወጠርኩ። ሰዓቴን ፈትቼ አሰርኩላት። አይሠራም፤ ግን ፎቶ ውስጥ ሰዓት ቢሠራስ ማን ያየዋል? እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቆሙ። እንደ ሁለት የስልክ እንጨት። ከንፈራቸው የተሰፋ ነው የሚመስለው። አነሳኋቸው። ደገምኩ። ፊት ለፊት፣ ትንሽ ጠጋ፣ ልጅቷ ለብቻዋ፣ እናትየዋ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው። ልጅቷ አንዴ እንኳን ዓይኗን አላርገበገበችም።

ከለር ፊልም ጭሮ ላይ አይታጠብም ነበር፤ ድሬዳዋ ነው የሚላከው። ወዳጄ የጫት መኪና ሾፌር ወደዚያ ሊነሣ ጥሩንባውን ደጋግሞ እየነፋ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ግን አንዲት ፎቶ ቀርታለች። ገበያውን ላንሳባት ወይስ ሰማዩን እያልኩ ካሜራዬን እንደያዝኩ፣ አንዲት ፍየል ከየት መጣች ሳትባል የመጋረጃዬን ጫፍ ነከሰችና ሮጠች። መጋረጃው ከነእንጨቱ እናትና ልጅ ላይ ወረደ። ከሥሩ ጩኸት፣ ከዚያ ሳቅ ተሰማ። መጀመሪያ የልጅቷ ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ቀጥሎ የእናቲቱ። ልጅቷ መጋረጃውን ከእናቷ ላይ ልትገፍፍ ትታገላለች፣ እየሳቀች ነው፣ ከሳቁ ብዛት ዓይኗ ጠፍቷል። እናቲቱም ይስቃሉ፤ እጃቸው ጨርቁ ውስጥ ተጠላልፏል፣ አፋቸውን የሚሸፍኑበት የለም። ተጫንኩት።

የካሜራዬ የመጋዘን በር ሲዘጋ አዮ ሰሙ። "አንተ! አነሳኸኝ?"

"ኧረ ፍየሏን ነው!" አልኩ።

ፊልሙን ጠቅልዬ፣ በትንሿ ፕላስቲክ ዕቃው ከትቼ ለሾፌሩ ሮጥኩ። የጫት መኪና ለማያውቅ ሰው፣ አይሄድም፣ ይወነጨፋል። ጥላው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ጫት ከደረቀ አፈር ነዋ።

"አደራህን፣ የእናት ነገር ነው። እንደ ዓይንህ ጠብቅልኝ" አልኩት።

"ዓይኔንማ መቼ ጠበቅኩት?" አለ ሾፌሩ ሞተሩን እያስነሣ። "እንደ ጫቴ ነው የምጠብቅልህ!"

እንደ ጫቱም ጠበቀልኝ።

ከቀናት በኋላ ጭሮ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት፤ ፖስታ ይዟል፣ ፊቱ ጥሩ አይደለም።

"ፎቶ ቤቶቹ ሰደቡኝ" አለ። "ይሄን ፊልም ወንዝ ውስጥ ነው ወይ ያነሳችሁት አሉኝ።"

"ምን አደረግከው?"

"ምን አደርገዋለሁ? ተጠነቀቅኩለት! መጀመሪያ ከፕላስቲኩ አወጣሁት።"

"ለምን?!"

"ፕላስቲክ ያበሰብሳላ። ይታፈናል። በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ከምርጡ የጫት እስር መሐል አስቀመጥኩት። በየቆምኩበት ውሃ አርከፈከፍኩለት። ወላሂ ለራሴ ልጅ እንደዚያ አላደርግም!"

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ሰውየው ግን ዕንባው ሊመጣ ነው። በሕይወቱ ምንም ነገር አድርቆ አስረክቦ የማያውቅ ሰው ነው። ምን ትለዋለህ?

ፖስታውን ከፈትኩ። ፊልም ሲጠቀለል መጀመሪያ ያነሱት ከላይ ይውላል፣ የመጨረሻው ከውስጥ፣ ከማጠንጠኛው ጋር ተጣብቆ። ውሃው ከላይ ጀምሮ እየሰረገ ገብቶ ማጠንጠኛው ጋ ሳይደርስ ቆሟል። እናትና ልጅ ቀጥ ብለው የቆሙባቸው ሁሉ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ሲለያዩ ተልጠዋል፤ በአንዱ ላይ ቀይ ቀሚስ ብቻ፣ ያለ ሰው፣ ይታያል። በደኅና የተረፈችው አንዲት ናት። የመጨረሻዋ። ጥግ ላይ ቅጠል የመሰለ ቢጫ እድፍ አለባት እንጂ መሐሏ ጥርት ብሏል። ከሁሉም የጠራው ደግሞ የአዮ ባዶ ድድ ነው።

ልጅቷ በዚያን ጊዜ ባሕር ተሻግራለች። ነይ ልድገምሽ የሚባል ነገር የለም።

ለጊዜው በደሳን ተውኩት። አሞኛል አልኩ፤ መንገዱ ተበላሽቷል አልኩ፤ ለሚስቴ የበደሳ ሰው ሱሪ መልበስ አቁሟል እስከማለት ደረስኩ። ማታ ማታ ፎቶዋን አውጥቼ አያለሁ። ሴትዮዋ እንዳላነሳ የለመኑኝ አንድ ነገር ነበር፤ የተረፈው እሱ ብቻ ሆነ። ባልሰጣቸውስ? ባልሰጣቸው ደግሞ አንድ ቀን ልጃቸውን ሲፈልጉ የማን ፊት ይመጣባቸዋል? ሚስቴ ሰለቻትና፣ "አንተ ዘጠኝ በሬ የማይጎትተውን ቦንዳ የምትሸከም ሰው፣ አንዲት ወረቀት ከበደችህ?" አለችኝ። በማግስቱ ቦንዳዬን ጭኜ ሄድኩ።

አዮ ከሩቅ አዩኝ። በርበሬ የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ መልሰው ጠረጉ። ለፎቶው ነው፤ እንዳያቆሽሹት።

"አዮ፣ የቆማችሁበት ተበላሽቷል" አልኩ ሳልቀመጥ። "ውሃ ገባበት።" የሾፌሩን ነገር ከነሙዝ ቅጠሉ ነገርኳቸው። እንዲረግሙት ጠብቄ ነበር።

"ልክ ነው" አሉ። "ፕላስቲክ ያበሰብሳል።" ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ሁሉም?" አሉ።

"ይቺ ብቻ ቀረች።" ሰጠኋቸው።

ተቀበሉ። ወዲያው ግራ እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ። አንዲት ሴት መጥታ የበርበሬውን ዋጋ ጠየቀች፤ አልመለሱላትም። ደግማ ጠየቀች። ተናዳ ሄደች።

"ፍየሏ የታለች?" አሉ በመጨረሻ።

"እንዴት አዮ?"

"ፍየሏን ነው ያነሳሁት ብለኸኝ ነበር። ፍየል አላይም። አሮጊት ነው የማየው።"

አፈርኩ። እሳቸው ግን ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ደግሞ አራቁ።

"እንዲህ ነው የምትስቀው" አሉ። "ዓይኗ ይጠፋል። ሕፃን ሆናም እንዲህ ነው። ያን ቀጥ ብላ የቆመችውን ብትሰጠኝ፣ ናፍቄ ስጠራት የቀበሌ መታወቂያ ነበር የሚመጣልኝ።" የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እኔም ሱሪ ማጠፍ ጀመርኩ፤ የታጠፈውን ፈትቼ እንደገና አጠፍኩ።

ከዚያ ሽንኩርት ሻጯን ጎረቤታቸውን ጠሩ። ፎቶውን ከማሳየታቸው በፊት አውራ ጣታቸውን ፎቶው ውስጥ ባለው አፋቸው ላይ አሳረፉ። "ነይ፣ ልጄን እይ" አሉ።

ከዚያ በኋላ በደሳ ፎቶዋን ያላየ ሰው ቢኖር ያልተወለደ ነው። ለሁሉም ያሳያሉ፤ ሁልጊዜ በአውራ ጣት ከልለው።

ዓመታት ሄዱ። ጭሮ ላይ ሱቅ ከፈትኩ፤ ካሜራዬ ፊልም አጥቶ ሱቄ ውስጥ የሚዛን ድንጋይ ሊሆን ምንም አልቀረው። በቅርቡ፣ ስልክ የሁሉ ሰው እጅ ከገባ በኋላ፣ አዮን ልጠይቅ በደሳ ሄድኩ። ልጃቸው ተመልሳለች። ያቺ መሬት መሬት የምታይ ልጅ ሰፋ ብላ፣ ዓረብኛና አማርኛ ቀላቅላ እየተናገረች፣ ለእናቷ በር ላይ ጥላ ዘርግታላቸዋለች። ልጆች አሏት። ልጆቹ አያታቸውን በስልክ ቀኑን ሙሉ ያነሷቸዋል፤ አዮም ቀኑን ሙሉ ይሸሻሉ።

ያቺን ፎቶ አወጡልኝ። ልጅቷ እንዳለች ናት፤ ትስቃለች፣ ዓይኗ ጠፍቷል። የአዮ አፍ ግን የለም። ያ ሁሉ ዓመት አውራ ጣት ሲያርፍበት ቀለሙ ተፍቆ አልቋል፤ ከአፍንጫቸው በታች ንጹሕ ነጭ ሆኗል።

"አየህ?" አሉ ኩራት በሚመስል ድምፅ። "እኔው አስተካከልኩት።"

ልጃቸው ስልኳን አቀበለችኝ። "ኦቦ ፎቶ፣ በል አንሳን። እንደ ድሮው።"

ጎን ለጎን ተቀመጡ። አዮ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ከንፈራቸውን ሰፉ። እንደ ምስክር ቀጥ አሉ። ልጅቷም ቀጥ አለች።

"ጥርሴን እንዳታነሳ" አሉ ከንፈራቸው ሳይከፈት።

"የትኛውን፣ አዮ?" አልኳቸው።

በዚህ ጊዜ ለሳቁ ፍየል እንኳን አላስፈለገንም።