ካፖርት በግንቦት

ፀሐይ ግንቦት ሲገባም ካፖርቷን የማታወልቅ ሴት ነበረች። የሮም ሰፈሯ የቶር ፒኛታራ ሰው በሸሚዝ ሲሆን፣ እሷ እስከ አንገቷ ቆልፋ ወደምታጸዳበት ቤት ትሄዳለች። ትውልዷ ደብረ ብርሃን ነው፤ ጡት እንደጣለች ግን አክስቷ ወስዳ መተማ ቆላ ውስጥ አሳደገቻት። ታናሽ እህቷ ደስታ ከደጋው ሳትወርድ ስላደገች፣ ሮም ትንሽ ሲሞቅ «ተቃጠልኩ!» ትላለች። ቀይ ሽብር ሲብስ ሁለቱ የፀሐይን ልጅ ሠናይትን ይዘው ተሰደዱ።

ሠናይት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምታጠናው የቀዝቃዛ ባሕር ሣር ነበር።

«ለባሕር ጎመን ይህን ሁሉ ዘመን?» ትላለች ደስታ።

ፀሐይ አትስቅም። በሰው ቤት ወለል ተንበርክካ ያስተማረቻት ልጅ ናትና።

ሠናይት በመምህራን ፊት ጥናቷን አቅርባ የምትመረቅበት፣ በጣሊያኖቹ ወግ «ዶቶሬሳ» የምትባልበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ በር ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ለዛሬ እንኳ ካፖርቱን ብታወልቂው። ሰው ይስቃል» አለቻት።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ ልጄ።» ፀሐይ አውልቃ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። መስኮቶቹ ክፍት ነበሩ፤ ጥርሷ እንዳይንገጫገጭ ከንፈሯን ነከሰች። ደስታ አጠገቧ በነጠላዋ ጫፍ ታራግባለች።

ሠናይት አንዱን የሣር ዓይነት ከኖርዌይም ከፈረንሳይ ዳርቻም አስመጥታ እንደነበር ተናገረች። ውኃው ሲሞቅ የሰሜኑ ሞተ፤ የደቡቡ ቻለው፤ ልዩነቱም ከዘራቸው ነው አለች። ሽማግሌው መምህር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልዩነቱን ያመጣው ያደጉበት ውኃ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?» አሏት።

ልጅቷ ወረቀቷን አገላበጠች። ፀሐይ ጥያቄው በደንብ ባይገባትም ልጇ እንደተቸገረች ገባት። ሠናይት ቀና ስትል እናቷ ስትንቀጠቀጥ አየቻት።

«እማዬ፣ ልበሺው!» አለች በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ተነሺ። አክስቴ፣ አንቺም።»

ሁለቱ ቆሙ፤ አንዷ ካፖርት ለብሳ፣ አንዷ እያራገበች።

«አሎራ፣ እንግዲህ፣» አለች ሠናይት ወደ መምህራኑ ዞራ፣ «እነዚህ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው። እናቴ ቆላ ስላደገች ይበርዳታል፤ አክስቴ ደጋ ስላደገች ይሞቃታል። እነሱን የለያያቸው አስተዳደግ ነው። ሣሮቹን ግን ከጽንሳቸው ጀምሬ በአንድ ቀዝቃዛ ውኃ አሳደግኋቸው። እንዲያም ሆኖ ስፈትናቸው የደቡቡ ሙቀቱን ቻለ፣ የሰሜኑ አልቻለም። የእነሱ ቆላና ደጋ ከዘራቸው የመጣ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ አዳራሹም ሳቀ። የፌዝ ሳቅ ግን አልነበረም። «እናትሽን አመስግኚልኝ» አሏት፣ ተነሥተው እጇን ሲጨብጡ።

በትራም ሲመለሱ ደስታ፣ «አየሽ፣ የእኔም ላብ ለትምህርት ዋለ!» ትላለች። ከፊታቸው የተቀመጠች ጣሊያናዊት ፀሐይን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ሲኞራ፣ በዚህ ሙቀት ካፖርት?» አለቻት።

ፀሐይ የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈች።

«አዎ። የዶቶሬሳ እናት ነኝ።»