እናቴ ያዘቀዘቀችው ነጠላ

ነጭ የለበሰ ሰው በስልክ ፎቶ ማንሳት ይከብዳል። በተለይ እኛ ላሊበላ፣ በገና ማለዳ፣ ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ በቀይ ድንጋይ መሀል ሲቆም። ስልኩ ድንጋዩን ያይና ቦታው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ያኔ የነጠላው ክርም ሽመናም ይጠፋና ወረቀት ይመስላል። ስለዚህ ጣቴን የማሳርፈው ፊቱ ላይ ሳይሆን ነጠላው ላይ ነው። ብቅ የምትለዋን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ታች እጎትታታለሁ። ፊቱ ይጠቁራል፤ ይጥቆር። የጠቆረ ፊት በኋላ ይፈካል፤ ነጥቶ የጠፋ ክር ግን አይመለስም።

ይህን ማንም አላስተማረኝም። ሆቴል ውስጥ ሠላሳ ዓመት አንሶላ አጥቤአለሁ፤ ነጭን ከነጭ መለየት ሥራዬ ነበር። አሁን ሰፈሩ ክርስትና ወይም ሠርግ ሲኖረው "ስልክሽን ይዘሽ ነይ" ይለኛል። እሄዳለሁ፣ አነሳለሁ፣ አስተካክዬ እልካለሁ። ማስተካከል የተማርኩት ግን በአንድ ፎቶ ምክንያት ነው። ስለዚያ ፎቶ እውነቱን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ልጄ የሞተችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በኅዳር ነው። የእሷን ፎቶ ለማንም አላሳይም፤ ስለ ሕመሟም እዚህ አልጽፍም። አባቷ ቀርቦ "ልጄ ናት" ብሎ አያውቅም። ታላቅ ወንድሜ ያኔ የዕድሩ ዳኛ ነበር፤ ድንኳን ይተከል፣ አይተከል የሚለው እሱ ነው። ከቀብር ስንመለስ በእናቴ ቤት ደጅ ላይ ቆሞ፣

"ድንኳን ተክለን፣ ለቀስተኛው የማን ልጅ ናት ቢል ምን እንመልሳለን? ሦስት ቀን ይበቃል" አለ።

"የእህቴ ልጅ ናት ማለት ያቅትሃል?" አልኩት።

"ያንቺ መሆኗንማ ማን ካደ" አለና ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ብዬው አላውቅም። አንቱ እለዋለሁ። ሰው አክብሮት ይመስለዋል።

በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። የገና እንግዳ የሚመጣበት ጊዜ ነበር፤ ብቀር በቦታዬ ሌላ ይተኩ ነበር። ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ያዘችኝ። "አንቺ ግቢ፤ እንጀራሽ ነው። ነጠላውን እኔ አዘቅዝቄልሽ እከርማለሁ" አለችኝ።

እንዳለችውም አደረገች። ጥለቱን ገልብጣ ወደ ላይ፣ አንገቷ ዙሪያ አውጥታ፣ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችው። ዓመቱን ሙሉ። ገበያም፣ ቤተክርስቲያንም፣ ወንድሜ ቤት ድግስ ስትጠራም። በገና ማለዳ ሰው ሁሉ ጥለቱን ወደ ታች ለቆ ሲያጌጥ፣ እሷ እንዳዘቀዘቀች ከቤቷ ወጣች። በወሩ መጀመሪያ በገዛሁት ስልክ፣ በድንጋዩ ግድግዳ አጠገብ አቁሜ አነሳኋት። ለልጄ ያዘነላት ሰው እንደነበረ የሚያሳይ ሌላ ነገር በእጄ የለም።

እናቴ በሦስተኛው ዓመት ሞተች። ለእሷ ድንኳን ተተከለላት፤ ያውም ሁለት። ወንድሜ "ፎቶዋን ላኪልኝ" አለኝ፤ ላክሁለት። ፎቶ ቤት ወስዶ አሠርቶ፣ በትልቅ ፍሬም አስገብቶ ለአርባዋ ይዞት መጣ። የፊቷ መስመር ሁሉ ተጠርጓል። ከንፈሯ ቀልቷል። ነጠላዋ አዲስ ነው፤ ጥለቱ ደረቷ ላይ ወርዶ ተንጣሏል፤ ሠርግ የተጠራች ነው የምትመስለው።

"የልጄን ሐዘን ከእናቴ አንገት ላይ አወለቁት" አልኩት፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት። "በሕይወቷ እምቢ ብትልዎት፣ ሞታ አገኟት።"

"ኧረ እኔ አልነካሁትም፤ ፎቶ ቤቱን ጠይቂ።"

"መቼም እርስዎ የነኩት ነገር የለም።"

ሴቶቹ ተነስተው ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡ። ወንድሜ አቀርቅሮ ቀረ። ወሬው በየቤቱ ዞረ፤ የእናቱን ሐዘን የሚሰርዝ ሰው ዳኛ አይሆነንም አሉ፤ ዓመት ሳይሞላው ከዳኝነቱ ወረደ። ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም።

ኋላ እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሉ ሲዘጋ ቤት ዋልኩ። ፎቶ ማስተካከል በስልክ ተማርኩ፤ ጥለቱን ወደ ቦታው ልመልስ ነበር ሐሳቤ። አሮጌው ስልኬ ባትሪው ሞቶ ሳጥን ውስጥ ተጥሎ ስለነበር፣ ዋናውን ፎቶ ፍለጋ ፎቶ ቤቱ ዘንድ ሄድኩ። ልሰድበውም ተዘጋጅቼ ነበር።

"እትዬ፣ እኔ ጥለት አላጠፋሁም" አለኝ ሰውየው። "የመጣልኝ ፊት ብቻ ነው። አንገት እንኳ አልነበራቸውም፤ አንገት የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።"

"የሌለ ነገር ከየት አምጥተህ ነው የምታለብሰው?"

"ለሁሉም ነው የማለብሰው። ለወንዱ ኮት፣ ለሴቷ የሠርግ ነጠላ። ገበሬውን ሁሉ ኮት ያስለበስኩት እኮ እኔ ነኝ" ብሎ ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። የእናቴ ፊት፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ። ከዚያ በታች ምንም የለም።

ለአሮጌው ስልክ ባትሪ አስገባሁለት። እዚያም ያለው ያው ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከገና በኋላ ባለው ሳምንት፣ አንድ ፎቶ አስተማሪ በቪዲዮ "ፊቱ ፎቶውን ይሙላው፣ የማያስፈልገውን ቁረጡ" ሲል ሰምቼ፣ ዓይኖቿን ቀረብ አድርጌ ለማየት ብዬ ቆርጬዋለሁ። ስልኩ ለብቻው ላስቀምጠው ወይስ በዋናው ላይ ብሎ ጠየቀኝ። በዋናው ላይ አልኩ። ያ ስልክ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ለወንድሜም የላክሁት የቆረጥኩትን ነው፤ ነጠላው በልቤ ስለነበር ከፎቶው መጉደሉን አላስተዋልኩም። ፎቶ ማስተካከል ለሚጀምር ሰው ከዚህ የበለጠ የምነግረው የለኝም፤ ዋናውን አይንካ። መጀመሪያ ኮፒ ያድርግ።

የእናቴ ነጠላ ግን እኔ ዘንድ ነበር፤ ስትሞት ሌላ ምንም ሳልጠይቅ እሱን ወስጃለሁ። የአፍንጫዋ ጥላ ወደ የትኛው ጉንጭ እንደወደቀ አየሁ፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ የሚናገረው እሱ ነው። ከዚያ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ግድግዳ አጠገብ፣ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፌ፣ በየአሥር ሰከንዱ ራሱ እንዲያነሳኝ ሞላሁት። ነጠላውን አዘቀዘቅኩ።

ለልጄ ነጠላ ሳዘቀዝቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስቱን ቀን ማን ምን እንዳለበሰኝ አላውቅም፤ በአራተኛው የሆቴሉን ሰማያዊ ጋውን ለበስኩ። ስልኩ ደጋግሞ አነሳኝ፤ እኔ ግን ከግድግዳው መላቀቅ አቃተኝ።

ፊቷን በእኔ ትከሻ ላይ አስቀመጥኩ። አንገቴ ከእሷ ቀላ ስለሚል አጠቆርኩት። መጋጠሚያው ስለት እንዳይመስል ጠርዙን አለሰለስኩ። አዲሱ ስልክ በጣም ስለሚያጠራ፣ ትከሻዬን ትንሽ አደበዘዝኩት፤ አለበለዚያ ሁለት ዘመን መሆኑ ያስታውቃል። አሳትሜ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት።

ዘንድሮ ወንድሜ ቤቴ መጣ። የልጅ ልጁ ክርስትና ሊነሳ ነበር፤ ፎቶ እንዳነሳለት በላከብኝ ሰው እምቢ ስላልኩት ራሱ በዱላ እየተደገፈ መጣ። ሳይቀመጥ ፎቶውን አየው።

"ያን ዓመት እንዲህ ነበረች" አለ።

"አይተዋት ነበር?"

"ዓይን የለኝም እንዴ? ዓመቱን ሙሉ ነው ያየኋት።" ቀረብ ብሎ ጥለቱን በጣቱ ነካ። "ትከሻዋ ግን እንዲህ ሰፊ ነበር?"

"ፎቶ ያሰፋል።"

"ከየት አገኘሽው?"

"ከአሮጌው ስልኬ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ታዲያ ያኔ ይህን ልከሽልኝ ቢሆን ኖሮ" አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ይቀመጡ" አልኩት። ተቀመጠ። የክርስትናውን ቀን ነገረኝ፤ እመጣለሁ አልኩት፤ ሄጄም አነሳሁ፤ የሕፃኑ ልብስ ክሩ ሳይጠፋ ነው የወጣው።

ፎቶውን ማን እንደቆረጠው ግን አልነገርኩትም። ለልጄ ድንኳን የከለከለው እሱ ነው፤ ያን አልተውኩለትም። ባላጠፋው ጥፋት ያዋረድኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ያውም በእናታችን አርባ፣ ሰው በተሰበሰበበት። የሰደብኩት በሰው ፊት ስለሆነ፣ ይኸው በሰው ፊት ጻፍኩት። እሱ ዓይኑ ደክሟል፤ ማንበብ አይችልም። የሚያነብለት ሰው ካለ ያንብብለት፤ እኔ አላነብለትም።